ቀለሙን ስላጠፋነው ኑዋር አይሆንም

ጥያቄው ይኸው፦ «የፊልም ተማሪ ነኝ። ‹ትዋይላይት ዞን› እና ‹አልፍሬድ ሂችኮክ ፕሬዘንትስ› የሚባሉትን የድሮ የአሜሪካ ተከታታዮች በስልኬ እያየሁ ነው። አስተማሪያችን ‹እነዚህ የፊልም ኑዋር ልጆች ናቸው› ይለናል። እኔ ግን ኮፍያ ያጠለቀ መርማሪም፣ ሽጉጥ የያዘች ቆንጆም ብዙ አላየሁም። ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ብቻ ነው እንዲህ የሚባለው? ካልሆነስ ግንኙነቱን ለማየት የትኞቹን ክፍሎች ልይ?»

ወንድሜ፣ አስተማሪህ አልተሳሳተም። (ኑዋር የሚባሉት ጥላ የበዛባቸው የድሮ የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች ናቸው።) ያንተም ጥርጣሬ ባዶ አይደለም። ጥቁርና ነጭ መሆን ብቻውን ምንም አያደርግም። ይህንን የተማርኩት አፍሬ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ አጭር ፊልም ቀረጽኩ። በቀለም ነው የቀረጽኩት። ኤዲቲንግ ላይ ስቀመጥ ቀለሙን አጠፋሁና «ኑዋር» ብዬ ሰየምኩት። አንድ ጓደኛዬ ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው አየውና «የማን ሰርግ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። መብራቱ ከየአቅጣጫው እኩል ይመጣል። ግድግዳው ይታያል፣ ሶፋው ይታያል፣ ገዳዩ ራሱ እንደ ሚዜ ደምቆ ይታያል።

ከእኔ የተሻለ ምሳሌ ግን አለ። ካርል ፍሮይንድ የሚባል ካሜራማን ነበር። በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ «ሜትሮፖሊስ» የሚባለውን ፊልም ከቀረጹት አንዱ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጥላን እንደ ተዋናይ ያሠራ ከነበረው ትውልድ ማለት ነው። ኑዋር ጥላውን የወረሰውም ከዚሁ ትውልድ ነው። ይኸው ሰውዬ አሜሪካ ሄዶ በ1951 የ«አይ ላቭ ሉሲ» ካሜራ ኃላፊ ሆነ። «አይ ላቭ ሉሲ» ደግሞ በጥቁርና ነጭ ከተሠሩት ሁሉ ብሩህ የሆነ የሳቅ ተከታታይ ነው። ጥላ ለመድኃኒት እንኳ አይገኝበትም። ያው ሰው፣ ያው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ግን ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ለምን? «አይ ላቭ ሉሲ» ተመልካች ፊት፣ በሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ነበር የሚቀረጸው። ሦስት ካሜራ ከሦስት አቅጣጫ ሲያይ መብራቱ ለሦስቱም መስማማት አለበት። ለአንደኛው ካሜራ ግማሽ ፊት የሚያጠላው መብራት ለሌላው ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መብራቶቹን ከላይ ትሰቅላለህ፣ ሁሉንም ቦታ እኩል ታበራለህ፣ በቃ። ኑዋር የሚሠራው በአንድ ካሜራ ነው። አንድ ሾት፣ አንድ የመብራት አቀማመጥ። ከዚያ ታነሳና ለሚቀጥለው እንደገና ታቆማለህ። ድካም ነው። ጥላውም ከዚህ ድካም ነው የሚገኘው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልህ ትዋይላይት ዞን ራሱ ማስረጃ ትቶልናል። ተከታታዩ ከ1959 እስከ 1964 ድረስ 156 ክፍሎች አሉት። በሁለተኛው ዓመት ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ስድስት ክፍሎች ከፊልም ወደ ቪዲዮ ቴፕ ዞሩ። በቴፕ ሲሆን በስቱዲዮ ውስጥ በብዙ ካሜራ ነው የሚሠራው። ከስድስቱ አንዱ «ትዌንቲ ቱ» ይባላል። ታሪኩ ከኑዋርም ይብሳል። ሆስፒታል የተኛች አንዲት ዳንሰኛ ሌሊት ሌሊት በሕልሟ በአሳንሰር ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። 22 ቁጥር ያለበት በር ይከፈታል። የሬሳ ክፍል ነው። ነርሷ ወጥታ «ለአንድ ሰው ቦታ አለ» ትላታለች። እኔ ሳነበው ጠጉሬ ቆሟል። ሳየው ግን የቀትር ዜና ይመስላል። ኮሪደሩ በርቷል። በሩ በርቷል። ነርሷም በርታለች። ያው ጸሐፊ፣ ያው ተከታታይ፣ ያው ዓመት ነው። የጠፋው አንድ ካሜራና ለአንድ ሾት የሚቆም መብራት ነው። ከስድስቱ በኋላ ወደ ፊልም ተመለሱ።

አሁን ወደ ቃሉ። ኑዋር በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። ስሙን ያወጡት በ1946 የፈረንሳይ ሐያሲዎች ናቸው። በጦርነቱ ዘመን ያልደረሷቸው የአሜሪካ ፊልሞች በአንድ ጊዜ ሲጎርፉላቸው «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» አሉ። ሆሊዉድ ያሉት ሠሪዎች ግን ኑዋር እየሠራን ነው ብለው አያውቁም። ለእነሱ የወንጀል ፊልም፣ ብዙ ጊዜም ርካሽ ፊልም ነበር። ርካሽ የሚለውን ያዝልኝ።

በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሲኒማ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ የሚያደርግ ውሳኔ ሰጠ። ቴሌቪዥንም በየሳሎኑ ገባ። ከዋናው ፊልም ጋር ተዳብሎ የሚታየው ርካሽ ፊልም ገበያው ደረቀ። በጥቂት ቀን፣ በጥቂት ገንዘብ፣ በሁለት መብራት ሌሊትን መፍጠር የሚችሉ ሰዎች ሥራ ፈቱ። ማን ፈለጋቸው? ቴሌቪዥን። ትዋይላይት ዞን አንድን ክፍል አንድ ቀን አለማምዶ በሦስት ቀን ነበር የሚቀርጸው። በሦስት ቀን ለመጨረስ ጥላን የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። ጥላ ውስጥ የገባ ግድግዳ ቀለም አይቀባም፣ ዕቃ አይሞላም።

ስለዚህ «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል ባይ ነኝ። ኑዋር ቴሌቪዥን ላይ ተጽዕኖ አላደረገም። ቤት ነው የቀየረው። ሠራተኞቹን ብቻ ቁጠር።

ጆን ብራም ሃምቡርግ ተወልዶ ከናዚ የሸሸ ዳይሬክተር ነው። በ1940ዎቹ «ዘ ሎጀር» እና «ሃንጎቨር ስኩዌር» የሚባሉ በጉምና በጋዝ መብራት የተሞሉ ፊልሞችን ሠራ። በኋላ ትዋይላይት ዞን ላይ 12 ክፍል መራ። ዣክ ተርነር የኑዋር ቁንጮ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን «አውት ኦቭ ዘ ፓስት»ን በ1947 ሠርቶ በ1964 «ናይት ኮል» የሚለውን ክፍል መርቷል። አይዳ ሉፒኖ «ዘ ሂች ሃይከር»ን በ1953 ስትመራ በዚያ ዘመን የኑዋር ፊልም የምትመራ ሴት ማግኘት ብርቅ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን ገብታ ለሂችኮክም፣ ቦሪስ ካርሎፍ ለሚያቀርበው «ትሪለር»ም፣ ለትዋይላይት ዞንም ሠርታለች። ከመጀመሪያዎቹ የትዋይላይት ዞን ክፍሎች አንዱ ላይ የሚተወነው ሪቻርድ ኮንቴ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት «ዘ ቢግ ኮምቦ» ላይ ክፉውን የወንበዴ አለቃ የሆነው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጆን ሃሪሰንን እወቅልኝ። ሴት ናት። በ1944 «ፋንተም ሌዲ»ን ያዘጋጀች ፕሮዲውሰር ናት፤ ፊልሙን የመራው ሮበርት ሲዮድማክ ነው። «አልፍሬድ ሂችኮክ ፕሬዘንትስ» በ1955 ሲጀምር ፕሮዲውሰሩ እሷ ሆነች። ክፍሎቹን የሚያቀርበው ዝነኛው ዳይሬክተር ሂችኮክ ነውና ሰዉ ስሙን አይቶ ሁሉንም እሱ የሠራው ይመስለዋል። እሱ ራሱ የመራቸው ከብዙ መቶዎቹ ውስጥ 20 እንኳ አይሞሉም። ታሪክ የምትመርጥ፣ ሥራውን በየሳምንቱ የምታስኬድ ሃሪሰን ነበረች።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መብራትና ስለ ሰው ነው። ያንተ ጥያቄ ግን ታሪኩም ላይ ነው፤ መርማሪው የት ሄደ ብለሃል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ መርማሪው ባይኖር ይሻላል።

አስበው። በ1958 «ፒተር ጋን» የሚባል የመርማሪ ተከታታይ ተጀመረ። የኑዋር ልብስ በሙሉ አለው። ሌሊት አለ፣ ጃዝ ቤት አለ፣ ጭስ አለ፣ የሄንሪ ማንቺኒ ሙዚቃ አለ። ግን ፒተር ጋን አይሞትም። የሚቀጥለው ሳምንትም መምጣት አለበት። ተመልካቹ ያውቃል፣ ወንበዴውም የሚያውቅ ይመስላል። የኑዋር ልብ ደግሞ ሰውዬው ሊሸነፍ መቻሉ ነው። አንድ ተራ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፣ ከዚያ ወጥመዱ ቀስ ብሎ ይዘጋል። በየሳምንቱ የሚመለስ ጀግና ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም።

አንተ በምታያቸው ተከታታዮች ግን እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ባለታሪኩ ዛሬ ይመጣል፣ ዛሬ ያልቃል። ቢሞት ማንም አይጎድልበትም። ቢያብድም ያብዳል። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይ ሰው በእርግጥ ሊጠፋ የሚችልበት ቦታ ይህ ነበር። ለእኔ ከጥላው ሁሉ የሚበልጠው ግንኙነት ይህ ነው።

የሂችኮክን የመጀመሪያ ክፍል «ሪቬንጅ»ን እየው። ጥቅምት 2 ቀን 1955 ነው የተላለፈው። ባልየው ራልፍ ሚከር ነው። በዚያው ዓመት «ኪስ ሚ ደድሊ» ላይ መርማሪ ሆኖ ሰው ሲቀጠቅጥ የነበረው ማለት ነው። እዚህ ግን ጸጥተኛ ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ ጥቃት ደርሶባት ያገኛታል። ከድንጋጤዋ ገና አልተመለሰችም። መኪና ውስጥ አስቀምጧት ሲሄድ መንገድ ላይ አንድ ሰው አይታ «እሱ ነው» ትላለች። ባል መፍቻ ብረቱን ይዞ ይከተለዋል። ሆቴል ክፍሉ ድረስ ገብቶ ይገድለዋል። ተመልሶ መኪናውን ያስነሳል። ትንሽ እንደሄዱ ሚስቱ በመስኮት ሌላ ሰው ታያለች። «እሱ ነው» ትላለች። «እሱ ነው።»

የባልየውን ፊት በዚያች ቅጽበት አስተውል። ደግሞ ሰማዩን አስተውል። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ካሊፎርኒያ ነው። እርጥብ አስፋልት የለም፣ ጭስ የለም። ሆኖም ከዚህ የበለጠ ጥቁር አታገኝም።

ገዳይ ቅጣቱን ሳያገኝ እንዲያልፍ ግን ቴሌቪዥን አይፈቅድም ነበር። ሂችኮክ መላ አገኘ። ታሪኩ ወንጀለኛው አምልጦ ያልቃል። ከዚያ እሱ ራሱ ወጥቶ በቀልድ «በኋላ ተይዟል» ይላል። «ላም ቱ ዘ ስሎተር» (1958) ላይ ነፍሰ ጡሯ ሚስት ጥዬሽ ልሄድ ነው ባላት ባሏ ጭንቅላት ላይ በረዶ የሆነ የበግ እግር ታሳርፍበታለች። ከዚያ እግሩን ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ለምርመራ የመጡት ፖሊሶች ሲርባቸው ታቀርብላቸዋለች። ማስረጃውን እያላመጡ «ማስረጃው የት ይሆን?» ይባባላሉ። እሷ ጥጓ ላይ ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። መጨረሻ ላይ ሂችኮክ ይመጣል። ሁለተኛ ባሏንም እንዲሁ ልታደርገው ስትል ተይዛለች፤ ሰውዬው ዝንጉ ስለነበረ ፍሪጁን ሶኬት ላይ ሳይሰካው ረስቶ ሥጋው ሟሙቶ ነበር ይለናል። ሕጉ ተከበረ። ማንም ግን አላመነውም።

እግረ መንገዴን ስለ ድምፅ ልንገርህ። በኑዋር ብዙ ጊዜ የሚተርከው ያለቀለት ሰው ራሱ ነው። «ደብል ኢንደምኒቲ» (1944) ላይ ሰውዬው ጥይት ተመትቶ ነው ድምፅ መቅጃ ላይ የሚናዘዘው። በቴሌቪዥን ያ ድምፅ ከባለታሪኩ ወጥቶ ወደ አቅራቢው ሄደ። የትዋይላይት ዞን ፈጣሪና አቅራቢ ሮድ ሰርሊንግ ክራባቱን አጥብቆ ጥግ ላይ ቆሞ መጨረሻውን ያውቃል። ባለታሪኩ አያውቅም። አልፎ አልፎ ግን አሮጌው መንገድ ይመለሳል። የሂችኮክን «ብሬክዳውን» (1955) ፈልግ። ጆሴፍ ኮተን ሰው ሲያለቅስ የሚጸየፍ ነጋዴ ነው። የመኪና አደጋ ይደርስበትና መላ አካሉ ይደነዝዛል። ሞቷል ይሉታል። እኛ ግን የውስጥ ድምፁን እንሰማለን። ካሜራው ፊቱ ላይ ተተክሎ አይነቃነቅም፣ እሱም አይነቃነቅም። ምን እንዳዳነው አልነግርህም፤ ሲጸየፈው የኖረው ነገር ነው።

ካሜራውን ላጠና ብትለኝ ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ እሰጥሃለሁ፦ «አይ ኦቭ ዘ ቢሆልደር»፣ 1960። ካላየኸው የሚቀጥለውን አንቀጽ ዝለለው።

አንዲት ሴት ፊቷ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ተኝታለች። አስቀያሚ ነኝ ትላለች፣ ሐኪሞቹ ሊያስተካክሏት ይሞክራሉ። ዳይሬክተሩ ዳግላስ ሄይስና ካሜራማኑ ጆርጅ ክሌመንስ ችግራቸው ይህ ነበር፦ የሐኪሞቹና የነርሶቹ ፊት እስከ መጨረሻው ሊታይ አይገባም። ሃያ ደቂቃ ያህል! ምን አደረጉ? ዋናውን መብራት ከፊት አነሱት። ሐኪሙ ሲቆም ብርሃኑ ከጀርባው ነው፤ ጠርዙ ብቻ ያበራል፣ ፊቱ ጥቁር ቅርጽ ነው። ወደ መብራት ሊዞር ሲል ይጋረዳል፣ ወይም ካሜራው እጁን ይከተላል። ተመልካቹ «እንዴት ደስ የሚል ጨለማ» እያለ ይቀመጣል እንጂ ሆን ተብሎ እየተደበቀበት መሆኑን አይጠረጥርም። ፋሻው ሲፈታ በሴትየዋ ዓይን ነው የምናየው፤ ብርሃኑ ከድርብ በድርብ እየጨመረ ይመጣል። ከዚያ ቆንጆ ሴት ትወጣለች። የሐኪሞቹ ፊት ሲበራ ደግሞ የአሳማ አፍንጫ ነው።

በኑዋር ጥላ ስሜት ይሰጣል፤ እዚህ ግን ታሪኩ ራሱ ጥላ ነው። መብራቱን ብታበራው ክፍሉ በሁለተኛው ደቂቃ ያልቃል። ሄይስ «ነርቨስ ማን ኢን ኤ ፎር ዶላር ሩም» የሚለውንም በዚያው ዓመት መርቷል። ተራ ሌባ በርካሽ ሆቴል ክፍል፣ ሰው ግደል የሚል ትእዛዝ፣ መስታወት ውስጥ ያለ ሌላው እሱ። ከልብስ እስከ መብራት ሙሉ ኑዋር ነው። አንድ ክፍልና አንድ ተዋናይ ይበቃሉ ብለህ ለመዋዕለ ንዋይ አልባ የተማሪ ፊልም እሱን አጥናው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከአስተማሪህ ጋር እከራከራለሁ። ሰርሊንግ ልቡ ኑዋር አይደለም። 92 ክፍል የጻፈው እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ፈራጅ ነው። ክፉው የእጁን ያገኛል፣ የተገፋው ብዙ ጊዜ ይካሳል። መስታወቱ ፊት ያለው ሌባ እንኳ መጨረሻ ላይ ይተርፋል። ኑዋር እንደዚህ አይደለም። በኑዋር ስህተትህ ትንሽ ሆኖ ዕዳህ ትልቅ ይሆናል። በዚህ በኩል ሂችኮክና ሃሪሰን ናቸው ትክክለኛ ወራሾቹ።

«ዘ አውተር ሊሚትስ» (1963–65) ስለሚባለው አልጠየቅከኝም እንጂ በጥላ ከሁሉም ይከብዳል። ካሜራው ላይ ኮንራድ ሆል ነበር፤ በኋላ ሦስት ኦስካር የወሰደው። አንዳንዴ ጭራቁን ለመደበቅ ነው የሚያጨልመው፤ ጭራቆቹ ደግሞ መደበቅ ያስፈልጋቸዋል።

መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይመስልህም። ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ» የሚባለውን የሲኒማ ፊልም ሲሠራ በጥቁርና ነጭ፣ በ800,000 ዶላር ገደማ፣ ከቴሌቪዥን ሠራተኞቹ ጋር ነው የሠራው። ካሜራማኑ ጆን ራስል ያው የተከታታዩ ካሜራማን ነው።

ስልክህን በተመለከተ፦ ብራይትነሱን አትጨምር። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ትንሽ ነበረ፤ ስስ ጨለማ ጭቃ ይሆንበታል። ስለዚህ ካሜራማኖቹ ጥላውን ትልቅና ግልጽ አደረጉት፤ አንድ ጥቁር ግድግዳ፣ አንድ የበራ ጉንጭ። ሩቅ የከተማ ሌሊት ቀነሰ፣ ፊት በዛ። በትንሽ ስክሪን ስታየው ባሰቡት መጠን እያየኸው ነው። (እኔ አንዴ ለአንድ ጣቢያ ድራማ መብራት ሳቆም «ጨለመብን፣ ፊል ላይት ጨምር» ተባልኩ፤ ጥላውን የሚያቀልለውን መብራት ማለት ነው። ጨመርኩ። እንደገና ሰርግ ሆነ።)

የማያ ቅደም ተከተል ከፈለግክ፦ መጀመሪያ «ሪቬንጅ»፣ ቀጥሎ «ብሬክዳውን»፣ ከዚያ የሌባው ክፍልና የፋሻዋ ሴት። በመጨረሻ «ትዌንቲ ቱ»ን ድምፁን አጥፍተህ ተመልከት። የት የት ቦታ መብራት ብታጠፋ እንደምትፈራ በወረቀት ጻፍ። እኔ አስራ አንድ ቦታ አግኝቻለሁ። አሳንሰሩ ውስጥ ብቻ ሦስት።